የኦቦ ኩምሳ ጦስኝ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዕድራችን አባላት፣ ከቡራዩና ከሰበታ ድረስ መጥታችሁ በዚህ በሱሉልታ ብርድ የቆማችሁ ሁሉ፤ እግዜር ያክብርልኝ።

ስምዖን እባላለሁ፤ ከኦቦ ኩምሳ ጋር አጥር የምንጋራ ጎረቤት ነኝ። የሕይወት ታሪካቸው በእጄ ነው። የተወለዱበት ዘመን አለበት፤ የልጆቻቸው ስም አለበት። እኔ ያደረግሁባቸው ግን የለበትም። አፈሩ ከመመለሱ በፊት እሱን ልናገር።

ጦስኛቸውን የማያውቅ አለ? እኛ ለሻይ እየነቀልን ስንጨርሰው፣ እሳቸው ከተራራው ጥቂት ከነሥሩ አምጥተው ከደጃቸው እስከ ደጄ ተከሉት። በየክረምቱ ሥሩን እየከፈሉ አበዙት። አንድ ቀን ትንሽ ልወስድ ስጎትት ከነሥሩ መጣልኝ። ተቆጡኝ! "አንተ! ፀጉር ነው እንዴ የምትነጨው? በመቀስ፣ ከላይ ከላይ! እሱም ንቦቹ አበባውን ሲጨርሱ!"

ንቦቹ የኔ ነበሩ። ሁለት ቀፎ። ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ ንብ ምን እንደሚቀስም እንኳ ሳላውቅ የገዛኋቸው። ማን አበላልኝ? እሳቸው። በበጋ ጦስኙን ማን ውሃ አጠጣው? እሳቸው፤ በጀሪካን፣ በዚያ በታመመ ወገባቸው።

ባለፈው ጥቅምት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። ማሬን ቀመሱ፤ አበባውን ፎቶ አነሱ። "ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የተከልከው?" አለችኝ ማርቲ። "አዎ፣ እንግዲህ እንሞካክራለን" አልኩ። "እኚያስ ሽማግሌ?" ኦቦ ኩምሳ ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ከእኔ እስከዚህ ሳጥን ቢርቁ ነው።

"ሠራተኛዬ ናቸው" አልኩ።

ሰሙኝ። ቀና ብለው ባርኔጣቸውን አነሱና "አካም ጂርቱ? እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉ፤ ለእንግዶቼ። ከዚያ ማረማቸውን ቀጠሉ።

እውነቱን ብናገር ምን ይቀርብኝ ነበር? በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ፤ ስለ ብርዱ አውርቼ ተመለስኩ። በሳምንቱም እንደዚያው። ስድስት ወር ሙሉ! አፍሬአለሁ፣ ጎረቤቶቼ። ፊታችሁን ማየት አቅቶኛል።

ትናንት ባለቤታቸውን፣ እማማ ሰብለወርቅን ጠየቅኳቸው። ልጆች እያሉ፣ ሽማግሌ እያለ፣ ለዚህ ንግግር ምነው እኔን መረጡኝ?

"ራሱ ነው ያለው" አሉኝ። "'ስምዖን ይናገር፤ ጓደኛዬ ነው' ብሎ።"

ማርቲ፣ መጥተሻል፤ ስሚኝ። ጦስኙን የተከሉት እኚህ ሰው ናቸው። ሠራተኛዬ አልነበሩም።

ኦቦ ኩምሳ፣ ጓደኛዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሰላም ይሂዱ፤ ናጋቲ።