በስልባቦት የሚሠራው ሥጋ

ከጅሬን ወደ ከተማው በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ወጣት፣ አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት በፌስታል የያዙትን የተፈጨ ሥጋ አይታ ጠየቀቻቸው።

«አዴ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?»

«በወተት ስልባቦት እናበስለዋለን። ልጆቹ የቤታችን ባህል ነው ይላሉ፤ የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እንዴት ጀመሩት?»

«የአባታቸው ጥርስ ሲረግፍ ሥጋውን አስፈጨሁላቸው። በርበሬው አቃጠለኝ ሲሉ ደግሞ ስልባቦት ጨመርኩበት።»

«ለሠርግም ትሠሩታላችሁ?»

«ኤዬ፣ ለሠርግም ለዒድም። ነገ ደግሞ የሟቹ የአባታቸው ዱዓ ነው።»

«ነፍስ ይማር። መቼም በጣም ይወዱት ነበር።»

«ወላሂ፣ አንድ ቀን ወደውት አያውቁም። እስከ መጨረሻው ያምራቸው የነበረው የጎድን ጥብስ ነው።»

እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ፣ ሳላስበው በምላሴ ጥርሶቼን አንድ በአንድ ዳሰስኩ።