ብልን የሚፈጀው ዘይት

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ወጣት ከአጎቷ ልጅ ቤት ወጥታ ደረጃውን ስትወርድ፣ ከአጎቷ በፊት ሽታቸው ደረሰባት። አጎቷ፣ ሽማግሌው ፀጉር ቆራጭ፣ ሽታው የሚሰነፍጥ የካምፎር ዘይት ጠርሙስ በደረት ኪሳቸው ሸጉጠው እያለከለኩ ይወጣሉ።

«ወዴት ነው፣ አጎቴ?»

«የልጅ ልጄ አፍንጫው ተዘግቶ ሲያለቅስ አደረ አሉኝ። አንዲት ጠብታ አፍንጫው ውስጥ፣ አንዲት ምላሱ ላይ፤ አለቀ!»

ወጣቷ ደሟ ፈላ። ክንዷን ዘርግታ ደረጃውን ዘጋች። «በዚህ አያልፉም!»

«እሽኮኮ ብዬ ያሳደግኩሽ ልጅ መንገድ ትዘጊብኛለሽ?»

«ስለማከብርዎት ነው እንጂ ጠርሙሱን እቀማዎት ነበር። ገና ሕፃን እኮ ነው! ካምፎር ከዋጠ ያንቀጠቅጠዋል፤ ትንፋሹንም ሊያቆመው ይችላል።»

ሽማግሌው ሳቁ። እሳቸው ዘንድ ዓይን ያላስለቀሰ መድኃኒት ውሃ ነው። ወይ ጉድ! የሚያቃጥል ሁሉ የሚያድን ቢሆን በርበሬ ሐኪም በሆነ ነበር።

«ታዲያ ይህን ጉልበቴን ማን የሚያስኬደው መሰለሽ?»

«ጉልበትዎንማ ይቀቡ! በሌላ ዘይት አቅጥነው፣ ያልቆሰለ ቆዳ ላይ። ማን ከለከለዎት?»

«ኃይሉን ስለማታውቂ ነው። የክት ኮቴን ብል ሲበላብኝ፣ ጨርቅ ነክሬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባስቀምጥ፣ ብሉን አንድ ሳያስቀር ፈጀው!»

ወጣቷ ጣቷን ወደ ጠርሙሱ ቀሰረች።

«ፈጀው?»

«ፈጀ...ው» አሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ።

«ለልጅ ልጅዎም ይህንኑ?»

ከላይ ሕፃኑ ሲያስነጥስ ተሰማ። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ፤ ጠርሙሱንም እንደ ጊንጥ በሁለት ጣት ይዘው አቀበሏት።

«አፍንጫውስ ታዲያ?»

«አሁን የጨው ውሃ ጠብታ አድርጌለት መውጣቴ ነው። ሲያስነጥስ አልሰሙም? ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀጥታ ወደ ሐኪም።»

ጠርሙሱ ዛሬ ከእሳትና ከልጆች ርቆ፣ ተቆልፎ ይቀመጣል። የሽማግሌው ጉልበትም አልጎደለበትም፤ በቀጠነ ዘይት ይቀባል። ምላጭ የቧጠጠው ጉንጭ ላይ ካምፎር ማፍሰስ ስለቀረ ደንበኞቻቸው ከወንበር መዝለል ትተዋል። ሕፃኑም ድኖ የአያቱን ጢም ይነጫል።

አሁን ደንበኛ ሲላጩ ይሰብካሉ፦ «ካምፎር ለአዋቂ ቆዳ እንጂ ለአፍ፣ ለአፍንጫ፣ ለቁስል አይደለም። ነፍሰ ጡር፣ ሐኪም ሳትጠይቅ አትንካው። ለሕፃንማ ወዲያ! ተሳሳትኩ?»

ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው ምን ይላል? «ልክ ነው፣ አባባ!» ይላል። ብልህ ግን ያለ ምላጭ ይሰማል።