አርባ አራተኛው ተጠቃሚ

የካቲት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል፤ በአንዲት ከተማ የውኃ አገልግሎት ቢሮ፣ ሰርቨሩ በተቃጠለ በአራተኛው ቀን፣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ብርዛፍ የኮምፒውተር ባለሙያው ምንተስኖት ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

ምንተስኖት፦ አይቻልም አልኩ እኮ፣ እትዬ ብርዛፍ! የምመልሰው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሰው ፋይል ነው። አርባ ሦስት ሠራተኛ፣ አርባ ሦስት ተጠቃሚ። ጋሽ አዝመራው ደግሞ ሞተው ከዝርዝሩ ወጥተዋል።

ብርዛፍ፦ ለቀባሪው አረዱት! ንፍሮውን የቀቀልኩት እኔ፣ ሦስቴ አስጨምረህ የበላኸው አንተ።

ምንተስኖት፦ መመሪያው ‹ባለቤቱ ራሱ ሲቀርብ አዲስ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል› ይላል።

ብርዛፍ፦ እንግዲያው መመሪያህን ይዘህ ሚካኤል ሂድና ከመቃብሩ ራስጌ ቆመህ ጥራው።

ምንተስኖት፦ አዲሱ ሰርቨርም ጠባብ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የድሮው ፋይል የተቀዳበትን መጠባበቂያ ዲስክ አጥፍቼ አስረክባለሁ፤ እስከዚያ ያልተመለሰ፣ ቀረ ማለት ነው።

ብርዛፍ፦ ጠባብ? አዝመራው እኮ ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር አራተኛ ሆኖ ሃያ ዓመት የተመላለሰ ሰው ነው። አንድ ጥግ አስጠጋው።

ምንተስኖት፦ ለመሆኑ ምን ይፈልጉበታል?

ብርዛፍ፦ የሕይወት ታሪኩን ነዋ! ከዚህ ቢሮ የሞተውን ሁሉ ታሪክ ጽፎ ቀብር ላይ ሲያነብ የኖረ እሱ አይደል? ያንን የግምጃ ቤት ሰው እንኳ፣ ለአንዲት ብሎን ሳምንት ያመላልሰን የነበረውን፣ ‹በሥራው ላይ አንድም ቀን ቸኩሎ አያውቅም› ብሎ ሸኘው። ውሸትም አልጻፈ፣ ስድብም አልጻፈ።

ምንተስኖት፦ የእሳቸውም እኮ ተነቧል።

ብርዛፍ፦ ምኑ ነው የተነበበው? ያ የሰው ኃይል ኃላፊ ተብዬ የግል ማኅደሩን ተሸክሞ መጥቶ፣ ደረጃውን፣ የጡረታ ቁጥሩን፣ መጨረሻ ላይ ‹ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ አሥራ ስድስት ቀን› ብሎ አረፈው! ልጁ አንገቷን ደፋች። እሁድ አርባው ነው፤ ያን ቀንም ስለ አባቷ ደህና ቃል ሳትሰማ ትቅር?

ምንተስኖት፦ የራሳቸውን ጽፈው እንደሆነስ በምን ያውቃሉ?

ብርዛፍ፦ ለአገር የሚጽፍ ሰው ለራሱ አንድ ገጽ ያጣል?

ምንተስኖት፦ ልብስ ሰፊም የራሱን ሱሪ ቀዳዳ አያይም።

ብርዛፍ፦ ክፈተውና እንየዋ! ማየት ምን ይጎድልብሃል?

ምንተስኖት፦ እሺ፣ ሁለት ደቂቃ። አይቼ እዘጋለሁ፣ አልመልስም። ይኸው... ‹ጊዜው ሲደርስ› የሚል ፎልደር አለ። ኧረ እትዬ! የሁላችንም ስም ነው!

ብርዛፍ፦ የማን ሁላችን?

ምንተስኖት፦ የእኛ፣ በሕይወት ያለነው! የአርባ ሦስታችንንም የሕይወት ታሪክ ጽፈው አስቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁም አሉበት። ይኸው እርስዎ፦ ‹ወይዘሮ ብርዛፍ...›

ብርዛፍ፦ እንዳትከፍት! ዕድሜዬን ጽፎት ይሆናል። የራሱን ፈልግ።

ምንተስኖት፦ የለም።

ብርዛፍ፦ ደህና አድርገህ እይ።

ምንተስኖት፦ ሁለቴ አየሁ፣ እትዬ። የራሳቸውን አልጻፉም።

ብርዛፍ፦ አይ አዝመራው! እኔ ደግሞ ለልጁ ‹አገኝልሻለሁ› ብዬ... በል ዝጋው። ያንተን ግን ምን ብሎሃል?

ምንተስኖት፦ የእኔ አጭር ናት፤ ያወቁኝ ሰባት ወር ብቻ ነው። ‹ምንተስኖት ለመጣበት ሁሉ አስቀድሞ አይቻልም ይል ነበር። ሳይሠራለት የመለሰው ሰው ግን አላየንም።›

ብርዛፍ፦ እና አትዘጋውም? ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

ምንተስኖት፦ ወንበሩን ይሳቡ። በእሳቸው ስም አዲስ ገጽ ከፍቼአለሁ። እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍ።

ብርዛፍ፦ እኔ? ፋይል ስደረድር የኖርኩ ሰው? ቆይ... ጻፍ። ‹አዝመራው አሥራ ስድስት ቀን ፈቃዱን ሳይጠቀምበት የቀረው፣ እኛን ሲጽፍ ከርሞ ነው።›

ምንተስኖት፦ ጻፍኩ። ዝርዝሩንም አስተካክያለሁ፤ ተጠቃሚ አርባ አራት፣ ሁሉም ተመልሰዋል።