አትንኪው የተባልኩት ቫሪያብል

ክቡራትና ክቡራን፣ የመምሪያችን ኃላፊ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፦ ወንበሩን ከየቢሯችሁ ተሸክማችሁ አምጥታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጠው ባለቤቴ ነው። ሥራዬ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ለእሱም ስል ዛሬ በቀላሉ ልናገር።

ሆስፒታላችን ቀጠሮ የሚይዝበት ፕሮግራም አርጅቷል። በውስጡ ቫሪያብል የምንላቸው፣ ስም ወጥቶላቸው መረጃ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች አሉ። ብዙዎቹን ዛሬ የሚጠቀምባቸው የለም። የጻፏቸው ሰዎች ሄዱ፣ እነሱ ቀሩ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት እነሱን እየፈለግሁ ሳጠፋ ነው የኖርኩት።

"ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ይለኛል ባለቤቴ።

"የማያገለግል ነገር ሳጠፋ።"

"እኔ ጋ እስክትደርሺ ስንት ቀረሽ?"

ሳቁ፣ ግዴለም። ቀጥሎ የምነግራችሁ አያስቅም።

ፕሮግራሙን የጻፉትን እትዬን አብዛኞቻችሁ አታውቋቸውም። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ግራ ሲገባኝ እደውልላቸው ነበር። አንድ ቀን ስለ አንድ ቫሪያብል ጠየቅኋቸው። የማያገለግለውን ፈልጎ የሚለይልኝ የኮምፒውተር መሣሪያ "የሚጠቀምበት የለም" ብሎኛል።

"እሱን አትንኪው" አሉኝ።

"ለምን፣ እትዬ?"

"ጠፋብኝ። ግን አትንኪው" አሉ።

መርሳት ጀምረው ነበር። በዚያችው ስልክ ላይ ስሜን ሁለቴ ጠይቀውኛል። እናንተ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ? እኔ መሣሪያውን አመንኩ። አጠፋሁት። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ ምንም ስህተት አላሳየም። ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ።

ለካ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ያን ቫሪያብል እያነበበ፣ ቀጠሯቸው ከተያዘው ቀን ቀደም ብሎ ለተዛወረ ታካሚዎች አዲሱን ቀን የሚነግር መልእክት ይልክ ኖሯል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለማንም መልእክት አልሄደም። ሠላሳ ስምንት ሰዎች ቀናቸው አለፈባቸው። ሠላሳ ሰባቱ ሌላ ቀን ተሰጥቷቸው ነገሩ በሰላም አለቀ። አንዱ ግን ዕጢ እንዲወጣለት ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ልብስ ሰፊ ነበር።

በድሮው ቀጠሮው መጣ። ቀኑ ቀደም ብሎ እንደተዛወረና እንዳለፈ ነገሩት። ወደ መጠበቂያው ክፍል ወረድኩ። ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት።

"የማንም ይሁን፣ እህቴ። ቀኔን ብቻ መልሺልኝ።"

ከየት አምጥቼ? ሐኪሙን ለምኜ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተራ አገኘሁለት። ሐኪሙ ከፍቶ አየው፣ ዕጢው ተሰራጭቶ ስለነበር ምንም ሳያወጣ መልሶ ሰፋው። በአራተኛው ወር አረፈ።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ "በቀኑ ቢደርስ ይተርፍ ነበር?" አልኩት።

"አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ሳታውቂ ነው የምትኖሪው።"

እንዳለውም እየኖርኩ ነው።

ቫሪያብሉን መለስኩት። ከላዩም ለምን መጥፋት እንደሌለበት ጻፍኩበት። ከዚያ እትዬ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ልክ ነበሩ።"

"አንቺ ማን ነሽ፣ ልጄ?"

ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ዘጉት።

እንግዲህ በሚመጣው ወር ይህ ፕሮግራም ከነጭራሹ ይነሳል፤ የተገዛ አዲስ ይተካል። ያጠፋሁትም፣ የመለስኩትም፣ የጻፍኩትም አብሮ ይሄዳል። ኃላፊያችን "ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም" ብለውናል። ባከብራቸውም አላመንኳቸውም። የአዲሱን ጸሐፊዎች አናውቃቸውም። እኔ ቢያንስ የምደውልበት ስልክ ነበረኝ፤ ሳልሰማ ቀረሁ እንጂ። እናንተ ምን አላችሁ?

የስንብት ቀን እንዲህ አይነገርም፣ አውቃለሁ። ደህና ነገር ፈልጌ ነበር፤ ስፈልግ ከረምኩ፣ ይህን አገኘሁ።

ብቻ ልመርቃችሁ። ጤና አይጉደልባችሁ። ልጆቻችሁን በወግ በማዕረግ እዩ። ስትጠይቁ የሚመልስላችሁ ሰው አይጥፋ፤ መልሱ ባይገባችሁ እንኳ ልብ ሰጥታችሁ ስሙ። የበደላችሁት ሰው ቢኖር ይቅርታ የምትጠይቁበት ዕድሜ ለእናንተም ለእሱም ይስጥ።

አመሰግናለሁ። በሩን የሚከፍተውን መታወቂያ ካርዴን ጠዋት አስረክቤያለሁና፣ ስወጣ አንዳችሁ በሩን ክፈቱልኝ።