ከጥዱ ሥር

ከጎጆ ከተማ ወደ አምቦ በምትወርደው ላንድሮቨር፣ ከኋላዬ የተቀመጠች እናት የሚያለቅስ ልጇን አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ አቀበለቻቸው። ልጁ ወዲያው ዝም አለ።

«ልጅ ማባበል ያውቁበታል፣ አባባ» አለቻቸው እናትየው።

«ለምጄ ነው። እሑድ እሑድ እናቶች ቅዳሴ ሲገቡ፣ ልጆቻቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ሥር የምንጠብቀው እኔና ሁለቱ ልጆቼ ነበርን።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም። እናታቸው ስትሞትብኝ የደብሩ ሴቶች ናቸው እያዘሉ ያሳደጉልኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ብቻዬን ነው የምጠብቃቸው። ሁለቱንም ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱብኝ። ትልቁ ከአሥመራ አንዴ ጽፏል። ትንሹ አልጻፈም።»

«ይመጣሉ፣ አባባ።»

«ዋቃ ያውቃል። ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ልጆቹን ቆጥሬ ነው የማስረክበው፤ ሁልጊዜ ሁለት ይጎድሉኛል።»

«ውይ! የማን ልጆች?»

«የኔ። ድሮ ጠዋት ስረከብ እነሱን አንድ፣ ሁለት ብዬ ነበር የምጀምረው። አሁንም እንደዚያው እጀምራለሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞርኩ እፈልጋለሁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሲሄዱ ነው ትዝ የሚለኝ።»

አምቦ ስንደርስ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ፣ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ቆጠርኩ።