«ከማን ጋር?» የተባለው ብረት እና ሠሪው አቶ ያክ ቢየል

የፍተሻው ማሽን ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ፣ በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡት አቶ ያክ ቢየል ፈታሹን ቀና ብለው አዩትና «ኪሴ ባዶ ነው ልጄ፤ የሞላው እግሬ ነው» አሉት። በግራ ጭናቸው ውስጥ ከወጣትነታቸው ጦርነት የቀረ የብረት ስባሪ ነበረና፣ ከኋላ የተሰለፈው መንገደኛ ሲስቅ እሳቸውም ሳል እያቋረጣቸው አብረው ሳቁ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኛዱዋል ብቻ አልሳቁም። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተብለው የሄዱት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው በዚያው በር በሣጥን ተመልሰው በመካከላችን ይገኛሉ።

አቶ ያክ ከአባታቸው ከአቶ ቢየል ቱት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኛሩአች በ1956 ዓ.ም. ከኢታንግ ዝቅ ብሎ በባሮ ዳር በሚገኝ መንደር ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ «ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም» ብለው ወጡ። በአሥራ አራት ዓመታቸው በኑዌር ወግ መሠረት ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘረጋው ስድስት መስመር፣ «ጋር» የሚባለው፣ በምላጭ ተቆረጠላቸው። ጋር ያለው ሰው ጎልማሳ ነውና ከዚያ ቀን በኋላ ላደረገው ነገር «ልጅ ነበርኩ» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ ይህን እናታቸው ደሙ ሳይደርቅ የነገሯቸው መሆኑን አቶ ያክ እስከ መጨረሻው ያነሡት ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ድንበር አካባቢ ከሰፈረ ጦር ውስጥ ገቡ፤ ወደው ነው ወይስ ተገደው ሲባሉ መልሳቸው «ርቦኝ» የሚል ብቻ ነበር። ጠላት ይሸሸግበታል ተብሎ የወንዙ ዳር ጫካ እንዲቃጠል በታዘዘ ጊዜም በርሜሉን እያንከባለሉ ወስደው፣ ናፍጣውን ረጭተው፣ ክብሪቱን የጫሩት እሳቸው ነበሩ። ናፍጣውን ከደጋ በጭነት መኪና እያመጣ ለጦሩ ያስረክብ የነበረው የዚያን ጊዜው ጎረምሳ ነጋዴ፣ ዛሬ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሐጂ ኢብራሂም ናቸው፤ የሁለቱ ወዳጅነትም የተጀመረው በዚያ በርሜል ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ሲካፈሉ ነው። ናፍጣ ላይ ሲጋራ! ያን ጊዜ ሁለቱም እብድ እንደነበሩ ሐጂ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ቆስለው ከጦሩ ከወጡ በኋላ ብየዳ ተምረው በጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ሱቅ ከፈቱ፤ የሰፈሩ ግማሽ በርና መስኮት የእጃቸው ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወይዘሮ ኛዱዋልን አግብተው፣ ሦስት ልጆች ወልደው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ወንበር የሚጠግኑ፣ ስብከት ሲረዝም ግን ቀድመው የሚያንቀላፉ ሰው ሆነው ኖሩ።

ከጥቂት ክረምቶች በፊት ባሮ ሞልቶ የትውልድ መንደራቸውን ሲወስድ የእናታቸው መቃብር ከነዳርቻው ተንዶ ውኃ ውስጥ ገባ። ዳርቻውን በሥሮቻቸው አቅፈው ይይዙት የነበሩት ዛፎች እሳቸው ያቃጠሏቸው ነበሩ። በታንኳ ሄደው ቦታውን አይተው ሲመለሱ ሱቁን ለአንድ ሳምንት ዘጉ፤ በስምንተኛው ቀን የናፍጣ በርሜሎችና የተጣለ የወታደር መኪና ኮፈን ሰብስበው፣ ጠፍጥፈው፣ የሰው ቁመት የሚያክል የብረት ግንባር ሠሩ። ስድስቱን መስመር በእሳት ቆርጠው አሳለፉት፤ ከወዲያ የቆመ ሰው በስንጥቁ ከወዲህ ይታያል። ከመጀመሪያው መስመር ሥር የራሳቸውን ስም በየዱበት፤ አምስቱን ባዶ ተዉት፤ አናቱ ላይም «ጋር» ብለው ጻፉ።

ሥራው በፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ፣ በአዳራሹ ደጅ ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ማክዳ የምትባል የእርዳታ ሠራተኛ ጽሑፉን አንብባ በቅንነት «ጋር? ከማን ጋር?» ብላ ጠየቀች። የኛ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ አቶ ያክ ግን አልሳቁም። በማግሥቱ «ከማን» የሚለውን ቃል ከፊቱ ጨምረው በየዱትና፣ ለሚመጣው ሁሉ ጠመኔ እየሰጡ ባዶው ላይ ስም እንዲጽፍ ጠየቁ። ጎርፉንና ሙቀቱን ያመጣው የሩቅ አገር ጭስ ነው፤ የዓለም ጦሮች በታንክና በአውሮፕላን ስለሚያቃጥሉት ነዳጅ የሚጠይቃቸው የለም ሲባሉም «እውነት ነው፤ እነሱም ይጻፉ። የዚህን ጫካ ክብሪት ግን የጫርኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። የመንግሥታት ስም ተጻፈ፣ የጄኔራሎች ተጻፈ፣ አንዱ የአማቱን ስም ሳይቀር ጻፈ፤ የራሱን ስም የጻፈ ግን አንድም ሰው አልተገኘም፤ ዝናብ ሲመጣም ጠመኔው ሁሉ ታጠበና የያክ ስም ብቻውን ቀረ።

ይህ ብቸኝነት ከሳሉ ይልቅ ጎዳቸው። ብረቱን አስጭነው ወደ ኒውላንድ መልሰው ግቢያቸው በር ላይ ካቆሙት በኋላ፣ አንድ ቀን ለሐጂ ኢብራሂም ጠመኔውን ዘረጉላቸው። ሐጂ ጠመኔውን ሳይነኩ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ! ሳሙናም ሸጫለሁ፣ ናፍጣም ሸጫለሁ። ገዢው ለሚሠራው እኔ ምን አገባኝ?» አሏቸው። አቶ ያክም «ኢብሮ፣ ጢሱን አብረን አየን እኮ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ የአርባ ዓመት ወዳጆች በአንድ መንገድ ሲተላለፉ አንዱ ጫማውን፣ ሌላው ሰማዩን የሚያይ ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ እንደዚህ አለፈ። በዚህ መካከል የብየዳ ጢስ ለብዙ ዘመን የጎዳው ሳንባቸው እየደከመ ሄደ፤ ልጆቻቸው ብረቱን እንሽጠውና እንታከምበት ሲሏቸው «ሳይሞላ አይሸጥም» ብለው እምቢ አሉ።

አቶ ያክ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ በደረሱ በሦስተኛው ቀን ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኛዱዋልን፣ ልጆቻቸውን ፒተርን፣ ኛፑዎትንና ማይን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ያልተጠናቀቀ የትምህርት ቤት በርና ያን ብረት ትተው ሄደዋል። መቃብራቸውን ወንዝ የወሰደባቸውን እናታቸውን ያልረሳ ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ስማቸውን ራሳቸው ጽፈው መጥተዋልና በምሕረቱ ያንብበው።

ከዚህ ድንኳን ስትወጡ ብረቱን በሩ ላይ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው መስመር ሥር ያለውን ስም ልጃቸው ፒተር ትናንት የበየደው፣ በዚያ ማክሰኞ አባቱ ሲነገራቸው አጠገባቸው ቆሞ ስለ ሰማ ነው። አቶ ያክ ፍተሻውን አልፈው ወንበራቸው ወደ አውሮፕላኑ ሊገፋ ሲል ሐጂ ኢብራሂም ከባጃጅ ወርደው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ዘበኛው ሲከለክላቸው በመከለያው ገመድ ላይ ተንጠራርተው እንዲህ አሏቸው፦ «ያክ! በጠመኔ እንዳትጽፈኝ፣ ዝናብ ያጠፋዋል። በብየዳ ጻፈኝ። ከእኔ ጋር ነበር።»