እማማ ጥሩነሽ በሬን ያንኳኩ ዕለት

ደብረ ብርሃን በተከራየሁት ቤት፣ ጠዋት ጠዋት በስልኬ የበገና መዝሙር ከፍቼ እጸልያለሁ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ። ብቆም ብቆም ጸሎቱ እምቢ አለኝ። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም።

«ልጄ፣ መዝሙሩ ዛሬ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«በግድግዳው ይሰማዎታል እንዴ?»

«እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጸሎት ጠፍቶብኝ ነበር። ባንቺ መዝሙር ነው እንደገና የጀመርኩት።»

እንዴት እንደደነገጥኩ! ስልኬ መዘጋቱን ስነግራቸው «ታዲያ እኛ አፍ የለንም?» ብለው ገቡና ዓይናቸውን ጨፍነው መዘመር ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው። እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ! ሥራ አረፈድኩ፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም!